ትልቅ ቴሌቪዥን ለጌም፦ 55 ኢንች ልግዛ ወይስ ሞኒተር ይሻለኛል? (ደሴ)

የሳላይሽ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ጀመዓ።

ደሴ ሳላይሽ ነው የምኖረው። አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው ያለሁት። ርዝመቱ 4 ሜትር ቢሆን ነው፤ ጎኑ ከዚያም ያንሳል። ፒኤስ 4 ስሊም (የፕሌይስቴሽን ጌም ማጫወቻ ኮንሶል) አለኝ። የዲዛይን ሥራ የምሠራበት ደስክቶፕም አለኝ፤ ሞኒተሩ ግን የድሮ 19 ኢንች ነው። አሁን ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ስክሪን መግዛት እፈልጋለሁ።

ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ 55 ኢንች ቴሌቪዥን አየሁ። ሻጩ «4ኬ ነው፣ 120 ኸርዝ ነው፣ ለጌም ምርጥ ነው» ይለኛል፤ ምስሉ በጣም ጥርት ያለ ነው፣ በሰከንድም 120 ጊዜ ይታደሳል ማለቱ ነው። ወንድሜ ደግሞ «ቴሌቪዥን ለጌም አይሆንም፤ 27 ኢንች ሞኒተር ግዛ» ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ነው የምጫወተው። አራት አምስት ሆነን 19 ኢንች ላይ ተፋፍገን ማየት ሰልችቶናል። ማታ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የተኩስ ጌም እጫወታለሁ።

ቴሌቪዥን እውነት ይዘገያል? ለጽሑፍና ለዲዛይን ሥራስ ይሆናል? ዓይን ይጎዳል? የመብራቱን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ትልቅ ስክሪን ይችለዋል?

የኪዮት_ልጅ

ወንድምህ ያለው ነገር መሠረት አለው። ግን መፍትሔ ያለው ችግር ነው።

ቴሌቪዥን ምስሉን እንደመጣለት አያሳይም። መጀመሪያ ያሰማምረዋል። ብዥታ ያጠራል፣ ቀለም ያደምቃል፣ ጠርዝ ያሾላል። ከሁሉም የሚብሰው እንቅስቃሴ ማለስለሻው ነው። በሁለት ምስሎች መካከል የራሱን ምስል ፈጥሮ ያስገባል። ያንን ለመፍጠር ቀጣዩን ምስል ማየት አለበት፤ ስለዚህ እስኪመጣ ይጠብቃል። ፊልም ስታይ ይሄ አያስቸግርም፤ ድምፁም አብሮ እንዲቆይ ይደረጋል። ጌም ላይ ግን አንተ ተጭነሃል፣ ስክሪኑ ገና ነው።

በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) በሚሄድ ጌም ላይ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች በተለመደው ሴቲንግ ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ይዘገያሉ፤ ከዚያ የሚያልፉም አሉ። 100 ሚሊሰከንድ ማለት ስድስት ፍሬም ነው። ኳስ ላይ ፓስ ስትጫን ተከላካዩ ቀድሞ እግሩን ያስገባብሃል። ጥፋቱ ያንተ ይመስልሃል እንጂ ስክሪኑ ነው።

መፍትሔው ጌም ሞድ ነው። ይሄን ስታበራ ቴሌቪዥኑ ማሰማመሩን ይተወዋል። ያኔ መዘግየቱ ወደ 10 እና 20 ሚሊሰከንድ መካከል ይወርዳል። ለኳስ ከበቂ በላይ ነው። አዳዲስ ኮንሶሎችና ቴሌቪዥኖች እርስ በርስ ተነጋግረው ራሳቸው ያበሩታል። ፒኤስ 4 ግን ይህ የለውም፤ በሪሞት ራስህ ነህ የምታበራው። ደግሞ በየኤችዲኤምአይ ፖርቱ (ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ) ለብቻው ነው የሚቀመጠው። አንዱ ላይ አብርተህ ኬብሉን ወደ ሌላው ብትቀይር ጌም ሞዱ አብሮህ አይሄድም።

ቦርከና_ጌም

ኮምቦልቻ ጌም ቤት አለኝ። ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ልጆቹ ሲሸነፉ «ጆይስቲኩ ይዘገያል» ይላሉ። ጆይስቲኩን ስቀይርላቸው ያው ነው። ያኔ ሪሞቱን አንስቼ ቴሌቪዥኑን አያለሁ። አንዱ ልጅ ቀለሙ እንዲደምቅለት ብሎ ወደ ሌላ ሞድ ቀይሮታል። ጌም ሞድ ቀለሙን ትንሽ ቀዝቀዝ ያደርገዋል፤ ሰው ደግሞ ደማቅ ይወዳል። ደማቅ ካማረህ በጌም ሞድ ውስጥ ሆነህ ቀለሙን ጨምር። ከሞዱ አትውጣ።

ስለ መጠኑ፦ ለጓደኛ ጨዋታ ከሆነ 55 ግዛ እላለሁ። ያለ ጥርጥር። አራት ሰው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዳር ያለው ልጅ ትንሽ ስክሪን ላይ የሜዳውን ካርታ እንኳ አያነብም። የመኪና ጌም ለሁለት ሲጫወቱ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ትልቅ ስክሪን ዋጋው ያኔ ነው የሚታየው።

ዳር ለሚቀመጥ ሰው ሌላም የሚያስፈልግ ነገር አለ። ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥኑ እንደበራ ወደ ጎን ሄደህ እየው። ቀለሙ ከነጣና ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ ፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው ክፍል) ቪኤ የሚሉት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከጎንም ቀለሙን ከያዘ አይፒኤስ መሆኑ አይቀርም። ቪኤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ያምራል፤ ብቻህን ለምትጫወት ጥሩ ነው። ለብዙ ሰው ግን አይፒኤስ።

ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ስክሪን) ለጌም ቤት አልመክርም። ስዕሉ እጅግ ያምራል፤ ፍጥነቱም የሚስተካከለው የለም። ግን ያው የጎል ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። ቤት ውስጥ ማታ ማታ ለሚጫወት ሰው ስጋቱ በጣም ያነሰ ነው።

ጦሳ_ግርጌ

እኔ ከወንድሙ ጋር ነኝ።

የተኩስ ጌም እጫወታለሁ ብሏል እኮ። የተኩስ ጌም ላይ ሁሉንም ጥግ በአንድ እይታ መያዝ አለብህ። ካርታው ታች ጥግ ላይ ነው፣ ጥይትህ በሌላው ጥግ ነው። 55 ኢንች አፍንጫህ ስር ሲሆን አንገትህን ማዞር ትጀምራለህ። ለዚህ ነው በውድድር የሚጫወቱ ሰዎች 24 እና 27 ኢንች የሚመርጡት። ደግሞ በተቀራራቢ ዋጋ ሞኒተር ላይ 144 ኸርዝ ታገኛለህ፤ ርካሽ ቴሌቪዥን ግን 60 ላይ ይቆማል።

ሻጩ «120 ኸርዝ» ያለው ነገር ደግሞ አልተዋጠልኝም።

ኮምቦልቻዊቷ

ጦሳ_ግርጌ ጥርጣሬህ ልክ ነው። እኔም የዲዛይን ሰው ነኝ፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ነው የምሠራው። የ120ውን ነገር ላስረዳ።

ካርቶኑ ላይ «ሞሽን 120»፣ «ሞሽን ሬት» ወይም እንደዚህ ያለ ስም ካየህ እሱ የፓነሉ ፍጥነት አይደለም። ያ የማለስለሻው ስም ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ የተጻፈበት ቴሌቪዥን ፓነሉ 60 ኸርዝ ነው። እውነተኛ 4ኬ 120 የሚቀበል ቴሌቪዥን ቢያንስ አንዱ ፖርቱ ኤችዲኤምአይ 2.1 ነው። 2.1 በሰከንድ እስከ 48 ጊጋቢት ያስተላልፋል። 2.0 ደግሞ 18 ጊጋቢት ብቻ ነው፤ 4ኬን በ60 ላይ ይጨርሰዋል። ሻጩን አትከራከረው። ከኋላ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሳና የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልገው። እዚያ የፓነሉን ፍጥነት ለብቻው ይጽፉታል።

ለመሆኑ ግን 120 ያስፈልግሃል? ፒኤስ 4 ስሊም የሚያወጣው 1080 (ፉል ኤችዲ የሚሉት ጥራት) በ60 ኸርዝ ነው። ከዚያ አያልፍም። 4ኬ የሚያወጣው ፒኤስ 4 ፕሮ ነው፤ 4ኬ በ120 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፒኤስ 5 ነው። ስለዚህ ዛሬ ላለህ ዕቃ ብለህ ለ120 ኸርዝ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈል። ፒኤስ 5 በቅርቡ የምትገዛ ከሆነ ብቻ አስብበት።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ማንም አልነካውም። ቁም ነገሩ ኢንቹ ሳይሆን ፒክሰሉ (ምስሉ የሚሠራበት ነጥብ) ስንት ኢንች ላይ እንደተበተነ ነው። 19 ኢንችህ እንደ ብዙዎቹ 1366 በ768 ከሆነ በአንድ ኢንች 82 ፒክሰል ያህል አለው። 55 ኢንች 4ኬ በኢንች 80 ነው። ማለትም ፊደሉ አሁን ከምታየው አይጠራልህም፤ ሰፊ ቦታ ነው የምታገኘው። 43 ኢንች 4ኬ ግን 102 ይደርሳል። 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተርም ያው 82 ነው። 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ከሆነ ግን በኢንች 51 ብቻ ስለሆነ ለሥራ አትንካው። ከጠረጴዛ ርቀት ፒክሰሎቹን ትቆጥራቸዋለህ።

ሌላ ነገር። ቴሌቪዥን ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኘው ቀይ ጽሑፍ ጥቁር ላይ ብትጽፍ ጠርዙ የተቀደደ ይመስላል። ቴሌቪዥኑ የቀለሙን መረጃ ቆርጦ ስለሚያሳይ ነው። ዓይናችን በቪዲዮ ላይ አያስተውለውም፤ ጽሑፍ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የኤችዲኤምአይ ፖርቱን ስም ወደ «ፒሲ» ስትቀይረው ይስተካከላል። ሁሉም ላይ ግን አይሠራም። ስለዚህ ሳትገዛ በፊት ላፕቶፕ ሰክተህ ቀይና ሰማያዊ ጽሑፍ ጽፈህ እየው። ዳር ዳሩ ከተቆረጠብህ ደግሞ የምስሉን መጠን «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለው ላይ አድርገው።

ደስክቶፕህ ምን ያህል አሮጌ ነው? የኤችዲኤምአይ መውጫው 1.4 ከሆነ 4ኬን በ30 ኸርዝ ብቻ ነው የሚያወጣው። ማውሱ እየጎተተ ይሄድብሃል። ቴሌቪዥኑን እንዳትወቅሰው።

የሳላይሽ_ልጅ

እህቴ እጅግ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያስረዳኝ ሰው የለም። ደስክቶፑ አሮጌ ነው፤ ግን ዲስፕሌይፖርት የሚባለው መውጫ አለው።

ክፍሉን ለክቼዋለሁ። አልጋው ላይ ተቀምጬ እስከ ግድግዳው 2.2 ሜትር ነው። ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ ደግሞ ከስክሪኑ እስከ ዓይኔ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠረጴዛውን ብጎትተው 1 ሜትር አካባቢ ይደርሳል።

ኮምቦልቻዊቷ

ዲስፕሌይፖርት ካለህ አብሽር። ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 የሚቀይር አክቲቭ አዳፕተር አለ። ካርዱ ዲስፕሌይፖርት 1.2 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ብቻ አረጋግጥ፤ 4ኬ በ60 ይወጣልሃል።

አሁን ርቀቱን አወቅን፤ ከዚህ በኋላ ኢንቹ ራሱ ይወጣል።

55 ኢንች ስፋቱ 122 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ2.2 ሜትር ስታየው ከእይታህ 31 ዲግሪ ያህል ይይዛል። ለፊልም ከሚመከረው 30 ዲግሪ ጋር ይገጥማል። ቦርከና_ጌም ያለው ለዚህ ርቀት ትክክል ነው። ያንኑ 55 ኢንች በ70 ሴንቲ ሜትር ስታየው ግን ከ80 ዲግሪ ያልፋል። ጦሳ_ግርጌ አንገት ማዞር ያለው ይሄ ነው። እሱም ትክክል ነው። ሁለታችሁም ያወራችሁት ስለተለያየ ወንበር ነው።

43 ኢንች ስፋቱ 95 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአልጋው 24 ዲግሪ፣ ከ1 ሜትር ደግሞ 51 ዲግሪ ይሆናል። ለአልጋው ትንሽ አነስ ይላል፣ ለጠረጴዛው ትንሽ ሰፋ ይላል። ግን ሁለቱንም ይችላል። አንድ ስክሪን ብቻ ነው የምገዛው ካልክ መልሴ 43 ነው። 55 ከገዛህ 19ኙን ለሥራና ለተኩስ አቆየው፤ 55ቱን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጠው።

ቦርከና_ጌም

እቀበላለሁ። እኔ የኳሱን ብቻ አስቤ ነው የተናገርኩት። ለእንግዳ ግን አሁንም 55 እላለሁ 🙂

ሌላ አንድ ነገር፤ የትም ብትሰቅለው ከፍ አታድርገው። እኛ ሀገር ቴሌቪዥን ጣሪያ ስር ወይም ረጅም ቡፌ ላይ ነው የሚወጣው። ዜና ለማየት ይሆናል። ሦስት ሰዓት ጌም ስትጫወት ግን ማጅራትህን ይይዝሃል። ስትቀመጥ ዓይንህ ከስክሪኑ መሐል ጋር እኩል ይሁን። አልጋ ላይ የምትቀመጥ ከሆነ ደግሞ በጣም ዝቅ ማለት አለበት፤ ሰው ከሚገምተው በላይ።

ሸዋበር_ጥገና

ልጄ፣ እኔ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ከቀለም ቱቦው ዘመን ጀምሮ ደሴ ነው የምሠራው። ስለ መብራቱ የጠየቅከውን ማንም አልመለሰልህም፤ እኔ ልመልስ።

የዛሬ ቴሌቪዥን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ብዙም አያስፈራውም። ከኋላው ብታነብ አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። 220ው ወርዶ 170 ቢሆን ይሠራል። የሚገድለው መብራት ሲመለስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ፍሪጅና ምጣድ ሰክቶ ትቶ ሄዷል፤ መብራቱ ይመጣል፣ ይወዛወዛል፣ ተመልሶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ያን ጊዜ ነው የፓወር ቦርዱ የሚሄደው። ወደ እኔ የሚመጣው ዕቃ ባለቤቱ «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንቢ አለኝ» የሚለው ነው።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በሪሞት ጠፍቷል ብለህ አትተወው፤ ሶኬቱን ንቀል። ቤት በማትሆንበት ጊዜ ለሚጠፋው ደግሞ ቲቪ ጋርድ የሚሉትን ግዛ። መብራት ሲመጣ ጥቂት ቆይቶ፣ መረጋጋቱን አይቶ ነው የሚለቀው። ርካሽ ዲቫይደር ላይ ቴሌቪዥን፣ ጌምና ምድጃ አንድ ላይ አትሰካ።

ጌሙንም አስብለት። እየጻፈ እያለ መብራት ከሄደበት ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ይበላሻል። 55 ኢንች ኤልኢዲ ከ100 እስከ 150 ዋት፣ ያንተ ጌም ደግሞ ወደ 100 ዋት ነው የሚፈልገው። 1000 ቪኤ (እዚህ ላይ የአቅም መለኪያ ነው) ዩፒኤስ፣ ማለትም ባትሪ ያለው መብራት መያዣ፣ ሁለቱንም ለጥቂት ደቂቃ ይይዛቸዋል። ሴቭ አድርገህ ለማጥፋት ይበቃል፤ ጨዋታ ለመጨረስ አይደለም።

የዲሽ ኬብልም አለ። ክረምት ላይ ጦሳ ሲያጉረመርም ኬብሉን ከሪሲቨሩ ንቀል። ሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዟል፤ መብረቅ ቅርብ ከወደቀ በዚያ መንገድ ይገባል። ብዙ ቤት ደግሞ ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) የለውም። የብረት ዕቃ ስትነካ የሚነዝርህ ለዚህ ነው። ኤችዲኤምአይ ስትሰካና ስትነቅል ሁለቱም ዕቃ ከሶኬት ይነቀል። የተቃጠለ ፖርት መቀየር አድካሚ ሥራ ነው፤ ሁሌም አይድንም።

የመጨረሻው ስለ ብርሃኑ ነው። ሱቅ ውስጥ የቴሌቪዥኑን ባክላይት (ከስክሪኑ ጀርባ የሚያበራውን ብርሃን) 100 ላይ አድርገው ነው የሚያሳዩህ። ቤት ስታመጣው ዝቅ አድርገው። ከውስጥ ያሉት የኤልኢዲ መስመሮች የሚቃጠሉት በሙቀት ነው፤ ሙቀቱን የሚጨምረው ደግሞ እሱ ነው። ለዓይንህም ይሻላል። ማታ ክፍሉን ድቅድቅ ጨለማ አድርገህ አትጫወት፤ ከስክሪኑ ጀርባ ትንሽ አምፖል ይኑርህ።

የሳላይሽ_ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥዎት። ቲቪ ጋርዱን ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሬ እገዛዋለሁ።

የኪዮት_ልጅ

ጋሼ ስለ ዓይን ካነሱት ላይ ልጨምር። ቅርብ መቀመጥ ዓይን ያጠፋል የሚባለውን ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ላይ የሚያመጣው ድካምና ድርቀት ነው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው በጣም ትንሽ ነው። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለህ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ እይ። በመስኮት ጦሳን ብታይ ይበቃል። ራስ ምታቱ ካልተወህ ግን መነጽር ያስፈልግህ እንደሆነ ታየው።

የሆጤ_ሰፈር

ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ። አንድ ዘመድ የድሮ 50 ኢንች ፕላዝማ ልስጥህ ይለኛል። አዲስ አበባ ሰው ቤት የነበረ ነው። ለጌም እንዴት ነው? ነፃ ነው።

ሸዋበር_ጥገና

ነፃ ከሆነ እሺ በል፤ ግን አንድ ነገር እወቅ። ፕላዝማ ውስጡ ጋዝ የታሸገባቸው ትንንሽ ሴሎች አሉት። የተሠራው ለዝቅተኛ ቦታ አየር ግፊት ነው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ የውጭው ግፊት ያነሰ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ፕላዝማዎች ከጀርባቸው «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ያወጣሉ። አልተበላሸም፤ ከፍታው ነው። ስክሪኑ ነጭ ነጭ ሲሆን ይብሳል። ሰዎች እዚህ ሱቅ ድረስ ተሸክመውት ይመጣሉ፤ የሚጠገን ነገር ግን የለውም። አዲስ አበባም ከፍ ያለች ስለሆነች ዘመድህን ጠይቀው፤ ያውቀዋል።

የኪዮት_ልጅ

ለጌም ያለው ጥቅም፦ ፕላዝማ ፈጣን እንቅስቃሴ ላይ አይደበዝዝም። ጉዳቱ፦ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይሞቃል፣ የጎል ሰሌዳ ምልክት ይተውበታል። የሚሠሩት ትልልቅ ፋብሪካዎችም እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ አቁመዋል፤ መለዋወጫ አትጠብቅ።

ከፍታው ከተነሳ አይቀር፣ ፒኤስ 4ህ ፋኑ የሚጮኸው በአቧራ ብቻ አይደለም። ደሴ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ ሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ሳሳ ያለ አየር ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ያነሰ ነው። ብርዱ ያካክስልናል። ኮምቦልቻ ዝቅ ትላለች፤ ግን ሙቀቱና አቧራው አለ። የትም ሁን የት፣ ጌሙን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቡፌ ውስጥ አትወትፈው።

ጦሳ_ግርጌ

የዋጋውን ነገር ካሰብክ ኮምቦልቻም ወርደህ ጠይቅ። 25 ኪሎ ሜትር ናት። ግን ስታመጣው ተጠንቀቅ። ሀረጎ ላይ ያለው ጥምዝምዝ ለትልቅ ስክሪን ጥሩ አይደለም። ቴሌቪዥን ተኝቶ አይጫንም፤ ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ቆሞ ነው የሚሄደው። ተኝቶ ሲሄድ መንገዱ በነጠረ ቁጥር መስታወቱ መሐሉ ላይ ይረግባል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭራሽ እንዳታስብ። ሁለት ወንበር ከፍለህ ከጎንህ አቁመው።

ቦርከና_ጌም

ትክክል። ጭጋግና ዝናብ ባለበት ማታ ካመጣኸው ደግሞ ክፍል ውስጥ እንደገባ አታብራው። ካርቶኑን ከፍተህ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አቆየው። ቀዝቃዛ መስታወት ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ያልበዋል።

የኪዮት_ልጅ

ሳላይሽ፣ ሱቅ ስትሄድ መዘግየቱን ራስህ መለካት ትችላለህ። ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ላፕቶፕ ያዝ። በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። ሁለቱም ስክሪን አንድ ዓይነት እንዲያሳዩ «ዱፕሊኬት» በለው። ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ክፈት። ከዚያ ሁለቱንም ስክሪን በአንድ ፎቶ አንሳ። ላፕቶፑ ላይ 12.340፣ ቴሌቪዥኑ ላይ 12.250 ካየህ ቴሌቪዥኑ ከላፕቶፑ 90 ሚሊሰከንድ ወደኋላ ነው። ከዚያ ጌም ሞድ አብርተህ ድገመው። አንድ ፎቶ አይታመንም፤ ደጋግመህ አንሳና መሐሉን ያዝ። ይሄ ከላፕቶፑ ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው የሚነግርህ። ግን ሁለት ቴሌቪዥን ለማወዳደር ይበቃል።

የሳላይሽ_ልጅ

ጀመዓ፣ ሄጄ መጣሁ። ሁሉንም እነግራችኋለሁ።

ፒያሳ ያለውን 55 በሞዴል ቁጥሩ ፈለግኩት። ፓነሉ 60 ኸርዝ ነው። 120 የተባለው የማለስለሻው ስም ነው፤ ኮምቦልቻዊቷ እንዳለችው። ሻጩ ግን ጨዋ ሰው ነው። ላፕቶፕ ልሰካ ስለው ቦታ ለቀቀልኝ፤ ፎቶውን ሳነሳም ቆሞ አየኝ። በፊልም ሴቲንግ ልዩነቱ ከ80 ሚሊሰከንድ በላይ ነበር። ጌም ሞድ ስናበራ 15 አካባቢ ወረደ። ሻጩ ራሱ ገርሞት ሌሎቹንም እንድንለካቸው ጠየቀኝ።

እዚያው 43 ኢንች 4ኬም ነበረው። በጌም ሞድ እሱም ያው ነው። ቀይ ጽሑፉ መጀመሪያ ተቀዳደደ፤ ፖርቱን «ፒሲ» ስለው ጠራ። ከጎን ሳየው ቀለሙን ይዟል። 43ቱን ወሰድኩ። ከዋጋው ልዩነት ቲቪ ጋርዱንና የግድግዳ ማንጠልጠያውን ገዛሁ። የሚታጠፍና የሚጎተት ዓይነት ነው፤ ስሠራ ወደ ጠረጴዛው አመጣዋለሁ፣ ስንጫወት ወደ ግድግዳው እመልሰዋለሁ።

ወንድሜ አንድ ግጥሚያ ተጫወተበትና «ይሄማ አይዘገይም» አለ።

ጦሳ_ግርጌ

ማሻአላህ፣ መልካም ጨዋታ። የሚጎተት ማንጠልጠያው ጥሩ ሐሳብ ነው። ግድግዳህ ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ? ጭቃ ከሆነ ተራ ብሎን አይይዝልህም፤ ማንጠልጠያው ሲጎተት ክብደቱ ይጨምራል።

የሳላይሽ_ልጅ

ብሎኬት ነው። አከራዬን አስፈቅጄ በድሪል ነው የተበሳው።

የሆጤ_ሰፈር

ዘመዴን ጠየቅኩት፤ ፕላዝማው አዲስ አበባም ይጮህ ነበር አለ። ትቼዋለሁ። እኔም 43 ፈላጊ ነኝ። የሞዴል ቁጥሩንና ሱቁን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ላፕቶፕ ግን የለኝም፤ በስልክ መለካት ይቻላል?

የኪዮት_ልጅ

በስልክ የሚሆነው ስልክህ በኬብል ወደ ኤችዲኤምአይ ምስል የሚያወጣ ከሆነ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ አያወጡም። በዋይፋይ የሚተላለፈው ለዚህ አይሆንም፤ ራሱ ብዙ ይዘገያል። ቅዳሜ ከኮምቦልቻ እመጣለሁ፤ ላፕቶፔን ይዤ ፒያሳ እንገናኝ።